ባህር ውስጥ ውሃ የጠማው ሰውዬ

ውሃ በጀርባው ተሸክሞ፣ ባህር ውስጥ ተነክሮ፣ በውሃ ጥም የሚሞት ሰው ምን ነክቶት ነው? ይህን የጠየቀችኝ ልጄ ሀሴት ናት። ገና ትንሽ ናት፣ ጥያቄዋ ግን አያልቅም። እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም። ነገሩ እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ።

የምንኖረው አዳማ፣ ጋሽ ወንድይፍራው ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። የእኛን ክፍልና የእሳቸውን ሳሎን የሚለየው ስስ የችፑድ ግድግዳ ነው። እሳቸው ወዲያ ሆነው ሲያስነጥሱ እኛ ወዲህ ሆነን «ይማርዎት» እንላለን። በራችን ላይ ትልቅ ሮቶ በብረት ላይ ቆሟል። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ይሞላል። ከሞላ በኋላ ቧንቧው ይቆለፋል፣ ቁልፉም የጋሽ ወንድይፍራው ሚስት የእትዬ አስካለ አንገት ላይ በክር ተንጠልጥሎ ይውላል። ለእኛ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጀሪካን ይደርሰናል። ልጅ ላለው ሰው አንድ ጀሪካን ምኗ ይበቃል? ሐሙስ ሳይደርስ እኔ ጀሪካኗን ገልብጬ ቂጧን እየደበደብኩ ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው ደግሞ ጠዋትና ማታ ሮቶውን በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ይለጥፉበታል፣ ልክ ሐኪም የበሽተኛ ደረት እንደሚያዳምጥ። አንድ ጣሳ ከጎደለ ያውቃሉ። እሳቸው የማያውቁት ነገር የለም። ልጄ ስታስል ከየትኛው ነፋስ እንደሆነ ይነግሩኛል። ባሌ ባጃጅ ነጂ ሆኖ እሳቸው ባጃጅ ያስተምሩታል።

ባሌ አንዷለም ይባላል። ሰውየው ደህና ነው፣ ጨዋታ መውደዱ ብቻ ነው ችግሩ። ሰፈራችን የነበረው ጌም ቤት ሲዘጋ አሮጌ ኮምፒዩተር ከነስፒከሩ ይዞልኝ መጣ። እኔ ቁም ሳጥን እጠብቅ ነበር። ውስጡ ያለው ጨዋታ የባህር ነው። አንድ ሰውዬ ከሰማይ ወድቆ ባህር ውስጥ ይገባና እዚያ ይኖራል። ዓሣ እየያዘ ይበላል፣ ብረት ለቅሞ ቤት ይሠራል፣ አየር ሲያልቅበት ሽቅብ ይሮጣል። ሀሴት አባቷ ጭን ላይ ቁጭ ብላ ስታይ፣ ሰውየው ሲጠልቅ እሷም ትንፋሿን ትይዛለች። ፊቷ ይቀላል። እኔ ከወጥ ቤት እሮጣለሁ። «ተንፍሺ! አንዷለም ልጄን ልትገድላት ነው!» እላለሁ። እሱ ደግሞ «ተያት፣ ሳንባዋ ይስፋ» ይለኛል።

የሚገርመው ጨዋታው ገና ተሠርቶ አላለቀም። አንዷለም እንዳስረዳኝ፣ የሠሩት ሰዎች ሳያልቅ ነው የሚሸጡት። ገዢው እየተጫወተ «እዚህ ጋ ተበላሽቷል፣ እዚያ ጋ ጎድሏል» ብሎ ይጽፍላቸዋል። እነሱም አመስግነው ያስተካክላሉ፣ በየጊዜውም አዲስ ነገር ይጨምሩበታል።

«ሳያልቅ ምን አስቸኮላቸው?» አልኩት።

«አንቺስ ይሄን ቤት ሳያልቅ አይደል የገባሽው?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ስንገባ ጋሽ ወንድይፍራው «ግቡ፣ ነገ ይሠራል» ብለውን ነበር። ነገ እስካሁን አልመጣም።

አንድ ቀን፣ ረቡዕ ከምሳ በኋላ፣ ሀሴትን ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ ራሷን ማጠብ ጀመርኩ። ሳሙናውን ደህና አድርጌ ካሸሁት በኋላ ጀሪካኗን ባነሳት ቀላለችብኝ። ብገለብጣት ሦስት ጠብታ። ልጅቷ «ዓይኔን! እማዬ ዓይኔን!» ትላለች። ሄጄ እትዬ አስካለን ልለምን ብዬ ተነሳሁና ፈራሁ። ባለፈው ሳምንት ትንሽ ውሃ ስለምን ጋሽ ወንድይፍራው «ውሃ የሚያበዛ ተከራይ አልወድም» ብለውኛል። አንድ ቃል ብጨምር ውጡ የሚሉን መሰለኝ። ከሕፃን ጋር ቤት ፍለጋ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። «ልጅ አላችሁ?» ብለው ነው በሩን የሚዘጉት።

እንዲህ ቆሜ ስጨነቅ በሩ ተደበደበ።

«ክፈቱ! ሰምቼዋለሁ! ይኸው እየፈሰሰ ነው!»

የጋሽ ወንድይፍራው ድምፅ ነው። ከፈትኩ። ብቻቸውን አይደሉም። የእድራችንን ዳኛ ሻምበል ድንበሩን በምስክርነት ይዘው መጥተዋል። እትዬ አስካለም ቁልፋቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ከኋላ ቆመዋል። ለካስ ሳምንቱን ሙሉ በችፑዱ በኩል ቡልቅ ቡልቅ፣ ሿ ሿ ሲል ሲሰሙ ሰንብተው፣ የሮቶውን ውሃ በስውር የምንቀዳ መስሏቸዋል።

«ይኸው ሻምበል!» አሉ ወደ ሳፋው እየጠቆሙ። «እጅ ከፍንጅ!»

ሻምበል ድንበሩ ጎንበስ ብለው ሳፋውን አዩ። «አረፋ ነው እንጂ ውሃ የለበትም» አሉ።

«ጠጥተውታላ! አስካለ፣ ሮቶው ጎድሏል?»

«አልጎደለም» አሉ እትዬ አስካለ። «አንተ ራስህ አሁን ኳ ኳ አድርገህ ሞልቷል አላልክም?»

«እንግዲያው እየሰረቁ መልሰው ይሞሉታል! የዛሬ ሌባ እንዲህ ነው፣ ብልጥ ነው።»

ይህን ጊዜ ከውስጥ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ጋሽ ወንድይፍራው ዘለው ገቡ። አልጋ ሥር አዩ፣ መጋረጃ ገለጡ፣ ቡሐቃዬን ከፍተው አሸተቱ። አንዷለም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጫወታል፣ ዞር እንኳ አላለም። የቤቱ ጌታ እሱ ሳይሆን ያ የባህሩ ሰውዬ ነው የሚመስለው።

«ጎማው የታለ? የውሃውን ጎማ የት ደበቅከው?» ብለው ከወለሉ አንድ ነገር ሳብ አደረጉ። «ይሄስ ምንድነው?»

«የመብራት ገመድ ነው ጋሼ።»

«መብራትም ትሰርቃለህ?»

ሻምበል ድንበሩ ግን ስክሪኑን አይተው ቆመዋል። «ወንድይፍራው» አሉ ቀስ ብለው፣ «የምትፈልገው ውሃ እዚህ ነው ያለው።»

ጋሽ ወንድይፍራው መጥተው አዩ። ስክሪኑ ሙሉ ባህር ነው፣ ሰማያዊ። አፋቸው ተከፍቶ ትንሽ ቆዩ። ማፈርስ አፍረዋል፣ ግን የማያውቁት ነገር አለ እንዳይባል ቶሎ አፋቸውን ገጠሙ።

«አውቀዋለሁ ይሄን» አሉ። «ቀይ ባህር ነው። ምፅዋ እያለሁ እዋኝበት ነበር።»

«ይሄ እንኳ ሌላ ዓለም ነው ጋሼ፣ ኮከብ ላይ ነው» አለ አንዷለም።

«እሱን ነው የምልህ። ያ ዓሣ ደግሞ ቆሮሶ ነው።»

ዓሣው ሁለት ራስ አለው፣ ጭራው ላይ መብራት ይበራል። ሻምበል ድንበሩ ሳላቸውን ሳሉ። «ቆሮሶው» ሄዶ ሄዶ አለት ውስጥ ገባና በወዲያኛው በኩል ወጣ።

«ድንጋዩን በሳው እንዴ?» አሉ ሻምበል።

«አይ ሻምበል፣ ጨዋታው ገና አላለቀም። ድንጋዩን አላጠነከሩትም። ሳያልቅ ነው የገዛሁት፣ ቀስ እያሉ ይጨርሱታል።»

ጋሽ ወንድይፍራው መሳቂያ በማግኘታቸው ደስ አላቸው። «ሻምበል ሰማህ? ሳያልቅ ገዛው! ያላለቀ ነገር ከፍሎ የሚገባ ጅል አለ?»

አንዷለም አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያውን ብቻ አየ። ሻምበል ድንበሩም ቀና ብለው አዩ። እትዬ አስካለም አዩ። ሀሴት እንኳ በሳሙናው መሃል አንድ ዓይኗን ከፍታ ቀና አለች። ቆርቆሮው ከነሚስማሩ፣ ከነሸረሪት ድሩ ቁልቁል ያየናል። ጋሽ ወንድይፍራው ከሁሉም በኋላ ቀና አሉና ከሁሉም በፊት አቀረቀሩ።

በዚህ ተናደዱ። «ያም ሆነ ይህ» አሉ፣ «እኔ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ የውሃ ድምፅ አልፈልግም! ሰው ያስደነግጣል። የወሩ መጨረሻ ላይ ትለቃላችሁ። ሻምበል፣ ምስክሬ ነህ።»

ሀሴትን በአንድ እጄ፣ የበሩን መቃን በአንድ እጄ ያዝኩ። «ኧረ ጋሼ፣ በናትዎ፣ ድምፁን እንቀንሰዋለን» አልኩ። ማን ይስማኝ። አንዷለምን በዓይኔ «ተነስና ለምናቸው» አልኩት። እሱ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው።

ያኔ ኮምፒዩተሩ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። አንድ ቀይ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል። ባህር ውስጥ ያለው ሰውዬ ያቃስታል።

«ልጁ ምን ሆነ?» አሉ ሻምበል ድንበሩ።

«ውሃ ጠምቶት ነው ሻምበል። ካልጠጣ አሁን ይሞታል።»

ጋሽ ወንድይፍራው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ንዴታቸውን ረሱት። «ሃ! ሃ! አስካለ ነይ ስሚ! ውሃ ውስጥ ተነክሮ ውሃ ጠማኝ ይላል! ከላዩ ውሃ፣ ከታቹ ውሃ፣ በጆሮው ውሃ! እንዲህ ያለ ቅጥፈት አይቼም አላውቅ። እስቲ አንዷለም፣ አንተ አዋቂው፣ ንገረኝ። ይሄ ሁሉ ውሃ ተከማችቶ፣ አጠገቡ ያለ ሰው እንዴት አድርጎ በጥም ይሞታል?»

አንዷለም ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ፣

«ቁልፉ እትዬ አስካለ ጋ ነዋ ጋሼ» አለ።

እኔ፣ አለቀልን፣ ዛሬውኑ አስፋልት ላይ ነን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጨፍኜ የሰማሁት የሻምበል ድንበሩን ሳቅ ነው። ሰውየው እድር ሲመሩ እንኳን ሊስቁ ጥርሳቸው አይታይም ነበር። ግድግዳ ይዘው ሳቁ፣ ችፑዱ ተንቀጠቀጠ። ዓይኔን ስከፍት እትዬ አስካለም በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው ይዘላል። ቁልፉም አብሮ ይዘላል። ከዚያ ክሩን ከአንገታቸው አውልቀው ለእኔ ዘረጉልኝ።

«ሂጂ ልጅቷን አለቅልቂያት፣ ዓይኗ ሊጠፋ ነው።»

«አስካለ!» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው።

«ዝም በል አንተ ሰውዬ።»

ጋሽ ወንድይፍራው ወደ ሻምበል ዞሩ። ሻምበል ድንበሩ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «እኔ በምስክርነት ነው የመጣሁት፣ ወንድይፍራው። ያየሁትን ተናገር ካልክ እናገራለሁ። ግን ለአንተ አይበጅህም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ስለ መልቀቅ የተናገረ የለም። እኔ ሀሴትን አለቀለቅኩ፣ ጀሪካኗን ሞላሁ፣ ድስት ሞላሁ፣ ጆግ ሞላሁ፣ ሌላ ዕቃ ሳጣ የአንዷለምን ቦት ጫማ አይቼ ነበር፣ ተውኩት። የቧንቧው ቁልፍም ከዚያን ቀን ወዲህ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነው የሚውለው፣ የፈለገ ያነሳዋል። እግዜር ይስጣቸው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ይሄም እንደ ጨዋታው አላለቀም።

ውሃ ይዤ ስመለስ ሻምበልና እትዬ አስካለ ሄደዋል። ጋሽ ወንድይፍራው አልጋዬ ላይ ተቀምጠዋል። «እስቲ አንዴ ስጠኝ፣ አንተ አታውቅበትም» ብለው ከአንዷለም እጅ ተቀብለው ባህር ገብተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ እኛ ቤት ናቸው። አንዷለም ባጃጁን ይዞ ይወጣል፣ እሳቸው አይወጡም። ምሳ ሳቀርብ «ኧረ በልቻለሁ» ይሉና ይበላሉ። እኔ ልብስ ልቀይር ብል ሽንት ቤት ሄጄ ነው የምቀይረው።

አጨዋወታቸውን ብታዩ! ባህሩ ውስጥ ንጹህ ውሃ በጠርሙስ ይገኛል። እሳቸው እየለቀሙ በሰውየው ጀርባ ላይ ይጭናሉ። ያጭቃሉ፣ ያጭቃሉ፣ አንዱንም አያጠጡትም። ቀዩ ምልክት ብልጭ ይላል፣ ሰውየው ያቃስታል፣ ሀሴት ትጮሃለች።

«ጋሼ ያጠጡት! ሊሞት ነው!»

«ለክፉ ቀን ነው ልጄ።»

«አሁን እኮ እየሞተ ነው!»

«ይቻለው!»

ሰውየው ጠርሙሱን እንደተሸከመ ይሞታል። ጋሽ ወንድይፍራው አልጋዬን በቡጢ ይመቱና፣ «አላለቀም ይሄ ጨዋታ! አንዷለም ሲመጣ ንገሪው፣ ይጻፍላቸው፣ ጥሙን ይቀንሱት!» ይሉኛል። ሀሴትም ወደ እኔ ዞራ መጀመሪያ የነገርኳችሁን ጥያቄ ትጠይቀኛለች። እሳቸው እየሰሙ ምን ልበላት?

ባለፈው ሰሞን ዝናብ ጣለ። ኮርኒስ በሌለው ጣሪያ በኩል ራሳቸው ላይ ተንጠባጠበባቸው። ልቤ ዘለለ፣ አሁን ወይ ይሄዳሉ ወይ ያሠሩታል አልኩ። ቀና ብለው አዩና ወደ አልጋው ራስጌ ጠጋ አሉ።

«መቼ ነው ይሄ ጨዋታ የሚያልቀው?» ብዬ አንዷለምን ጠየቅኩት።

«ገና ነው» አለኝ። «አሁን እንኳ አዲስ ባህር ሊጨምሩበት ነው።»

አከራይ ተከራይን ሲያስወጣ ብዙ አይቻለሁ። ተከራይ አከራይን እንዴት እንደሚያስወጣ ግን ማንም አልነገረኝም። በሰላም፣ ሳይቀየሙኝ፣ የቧንቧው ቁልፍም ወደ አንገት ሳይመለስ፣ ጋሽ ወንድይፍራውን ከአልጋዬ ላይ የማስነሳበትን ዘዴ የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ።