የጋሽ ዳልጎ ሦስት ዓሦች

በአንድ ወቅት፣ በጫሞ ሐይቅ ዓሣው ከአጥማጁ፣ አዞውም ከጀልባው ይበዛ በነበረበት ዘመን፣ ጋሽ ዳልጎ የሚባሉ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ይህን ታሪክ ባወራሁበት ቦታ ሁሉ ሰው ተጣልቶብኛል። አንድ ሠርግ ላይ አውርቼው ሙሽራው ከአማቱ ጋር ተከራክሮ ጫጉላው ሊበላሽ ነበር። ስለዚህ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ እኔ ተናግሬ እወጣለሁ እንጂ ፍርድ አልሰጥም።

ጋሽ ዳልጎ መረብ አይወዱም ነበር። «መረብ ማለት ተኝቶ መዝረፍ ነው» ይላሉ። እሳቸው የሚያጠምዱት በዘንግ ነው። ዘንጉን የሰጣቸው መንገድ ሊሠራ መጥቶ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ሲሆን፣ ሲሰናበት «ከእኔ ይልቅ ከአንተ ጋር ተግባብቷል» ብሎ ትቶላቸው ሄደ። ረጅም ነው፤ ጫፉ እንደ ሸንበቆ ይወዛወዛል፤ ከእጀታው በላይ ክር የሚጠቀልል መዘውር ተገጥሞለታል። መዘውሩ ፍሬን አለው። ፍሬኑ ከጠበቀ ክሩ አይወጣም፤ ከላላ ዓሣው ክሩን እየጎተተ ይሮጣል። መንጠቆው ላይ ደግሞ ትል አይደረግም፤ የውሸት ዓሣ ነው የሚታሰረው። ነጭ ዓሣ የሚባለው የሐይቁ ጉልቤ ትንንሾቹን እያሳደደ የሚበላ ነውና፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ሲያልፍ ካየ አይምርም። ጋሽ ዳልጎ በዚህ ዘንግ ሦስት ልጆች አሳደጉ። ከአርባ ዓመት በኋላ የእጀታው ቡሽ በጣቶቻቸው ልክ ጎድጉዶ ነበር።

ከዚያ ዓይናቸውን ሞራ ሸፈነው። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ረፍዷል ተባሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ ዘንጉን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ መዘውሩን በባዶው ያሽከረክሩ ነበር። 

አንድ ቀን ጋሽ ዳልጎ ልጆቻቸውንና የሰፈሩን ሦስት ሽማግሌዎች ጠሩ።

«እኔ እንግዲህ ብዙ አልቆይም» አሉ። «ዘንግ እንደ ዳቦ አይቆረስም፤ ለአንድ ሰው ነው የሚሆነው። ዓሣ መያዝን አንድ ቀን እንደገና ላቀመሰኝ ልጅ እሰጠዋለሁ። ሽማግሌዎች ምስክር ሁኑኝ።»

የመጀመሪያው ልጅ ቶና የጀልባ ሞተር ይጠግናል። መካከለኛዋ አልታዬ ገበያ ላይ ዓሣ ትሸጣለች። የመጨረሻው አንጁሎ፣ የመጨረሻ ይባል እንጂ ጢሙን ያበቀለ ጎልማሳ ነው፣ ሙዝ መኪና ላይ በመጫን ይተዳደራል። ሦስቱም ዘንጉን ፈለጉት። ሊሸጡት አይደለም። አባታቸው ሲሄዱ እጃቸው የሚቀረው እዚያ እጀታ ላይ ስለሆነ ነው።

ቶና ቀደመ። ቶና በጉልበት የሚያምን ሰው ነው። «ክር ከተበጠሰ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው» ብሎ ከተማ ወርዶ፣ ጎረምሳ ቢንጠለጠልበት የማይበጠስ ወፍራም ናይለን ገዛ። የፋብሪካ የውሸት ዓሣም ገዛ፤ ክንድ የሚያክል፣ ዓይኑ ቀይ፣ ሦስት መንጠቆ ያንጠለጠለ። የመዘውሩን ፍሬን ጥርሱን ነክሶ አጠበቀው። ከዚያ አባቱን በሞተር ጀልባ ጫነና እንዳይወድቁበት ወገባቸውን ከመቀመጫው ጋር በገመድ አሰረ። ጥልቁ ጋ ሲደርሱ ዓሣው ነከሰ። ዘንጉ በቶና እጅ ነበር።

«አምጣው!» አሉ አባት።

«ቆይ አባዬ፣ ይጥልዎታል።»

ግማሽ ሰዓት ታገለ። ላቡ ጀልባው ውስጥ ተንጠባጠበ። ዓሣው ደክሞ ሆዱን ሲገለብጥ ዘንጉን አባቱ እጅ ላይ አኖረ፤ ጋሽ ዳልጎም የቀረችውን ሃያ ክንድ ጠቅልለው አወጡት። አርባ ኪሎ የሚሆን ነጭ ዓሣ! የጎረቤት ድስት ሁሉ ተጣደ፤ ያልበላ ሰው አልነበረም። ጋሽ ዳልጎ ከራሱ እስከ ጅራቱ ዳሰሱት፤ ጣታቸውንም አፉ ውስጥ ከተቱ።

«ያዙት እኮ አባዬ!» አለ ቶና።

«አዎ፣ ያዝኩት። እንደ እርጥብ ጆንያ ሆኖ መጣልኝ።»

ቶና ይህ ምስጋና ይሁን አይሁን ሳይገባው ቀረ።

አልታዬ ግን ጆንያ የሚለውን ቃል ስትሰማ ነገሩ ገባት። «በወፍራም ክር የታሰረ የውሸት ዓሣ እንደተጎተተ ፍየል ነው የሚሄደው፤ አስተዋይ ዓሣ አይነክሰውም» አለች። እሷ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር መረጠች፤ የዓሣው ትንፋሽ ሳይቀር ጣት ላይ እንዲደርስ። ፍሬኑን እስከ ግማሽ አላላችው። የውሸቱን ዓሣ ራሷ ሠራችው፤ በሠርጓ ከተሰጧት ስድስት ማንኪያዎች የአንዱን እጀታ ቆረጠች፣ ጎድጓዳውን ሁለት ቦታ በሳችው፣ መንጠቆ አሰረችበት።

«ስድስት ማንኪያ ነበረን» አለ ባሏ።

«አሁን አምስት አለን። አንተ በእጅህ ብላ።»

አባቷን ማለዳ ወስዳ ሐይቁ ውስጥ ገባ ያለው አለት ላይ አቆመቻቸው። የወረወሩት ራሳቸው ናቸው፤ ክንዳቸው አልረሳም። እሷ ጎናቸው ተቀምጣ፣ እጇ እንዳያታልላት ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ሁለት ማለዳ ምንም የለም። በሦስተኛው ዘንጉ ድንገት ጎበጠ፤ መዘውሩ ጮኸ።

«አባዬ፣ ልርዳዎት?»

«ዘንጉን ንኪና አባትሽ አይደለሁም!»

ሃያ ደቂቃ ብቻቸውን ተዋጉ። «ወደ ግራ ዞረ… አሁን ራሱን እያራገፈ ነው… ወደ ታች ሊገባ ነው፣ ሌባ!» እያሉ፣ ዓይን ያላት ልጃቸው የማታየውን በጣታቸው እያዩ ይነግሯት ነበር። አልታዬ የዓሣውን ነጭ ሆድ አንዴ አይታዋለች፤ ከቶና ዓሣ ይበልጣል ብላ እስከ ዛሬ ትምላለች። ከዚያ ዓሣው አለቱን ዞረ፤ ቀጭኑ ክር ድንጋዩ ላይ ተፋቀና ተበጠሰ። ዘንጉ ቀጥ አለ። ጋሽ ዳልጎ ባሉበት ቆመው አለቀሱ።

«ስላመለጠ ነው አባዬ?»

«ተይኝ እስቲ» አሉ።

ክሩ ጣታቸውን ቆርጦት ነበር፤ ብርዱም መትቷቸው አራት ቀን ተኙ። ቶና ተናደደ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይሄ ነው! በእኔ ክር ቢሆን ይዘውት ነበር!» አላት። «በአንተ ክር ቢሆን መቼ ይነክስ ነበር!» አለችው። ይህ ጠብ ዓሣ አጥማጆች ባሉበት ሁሉ ዛሬም አላለቀም፤ እኔም አላስታርቅም።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ጀልባም አለትም ከለከላቸው። አንጁሎ ለክርም ሆነ ለጀልባ የሚሆን ነገር አልነበረውም። ሙዝ እየጫነ ሦስት ቀን አሰበ። በአራተኛው፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ አባቱን እጃቸውን ይዞ ወደ አሸዋማው ዳርቻ ወሰዳቸውና በርጩማ ላይ አስቀመጣቸው። መንጠቆውን ፈታ። የውሸቱን ዓሣ ኪሱ ከተተው። የተራረፈውን ክር ቀጣጥሎ ጫፉን በገዛ ቀበቶው ላይ አሰረ።

«አባዬ፣ ወረወርኩልዎት። እኔ እዚሁ ከጀርባዎ ነኝ» አለና በዳርቻው በእግር ጣቱ እየረገጠ ሄደ። ሰማንያ እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ። መጀመሪያ ነጭ ዓሣ ሲቀምስ እንደሚያደርገው ክሩን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ሮጠ።

ጋሽ ዳልጎ ከበርጩማው ተፈናጥረው ተነሡ። አንጁሎ የአባቱ ልጅ ነውና ዓሣ እንዴት እንደሚታገል ያውቃል፤ ረጅም ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ወገቡን ያራግፋል፣ ሲጠቀልሉት እያመነታ ይቀርባል፣ ሲያላሉት ያመልጣል። አባቱ ዓሣው ሲንቦጫረቅ እንዲሰሙ ብሎም ውኃው ውስጥ እስከ ወገቡ ገባ። ያውም ጫሞ! አንድ አጥማጅ ከጀልባው ላይ «አብደሃል? አዞ አለ!» ብሎ ሊጮህ አፉን ሲከፍት አንጁሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ለመነው። ሰው ዳርቻው ላይ ተሰበሰበ፤ አንድም ሰው አልተነፈሰም። ጋሽ ዳልጎ ግን ይስቁ ነበር። «ይሄ ደግሞ ሰነፍ አይደለም! ና! ና አንተ ጉደኛ!» እያሉ ኮፍያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ሁለት ዓመት ያልተሰማ ሳቅ ነው፤ ከተሰበሰቡት ሴቶች ያለቀሱም ነበሩ።

አንጁሎ አሥር እርምጃ ሲቀረው፣ የመታው ብርድና ድካሙ ተደምረው፣ አሳለው። የመዘውሩ ድምፅ ቆመ። 

«አንጁሎ» አሉ በመጨረሻ፣ «ልቀቀው። ደክሞታል።»

አንጁሎ ክሩን ከቀበቶው ፈታ። «ሄደ አባዬ» አለ። ጋሽ ዳልጎ ባዶውን ክር ጠቅልለው ጨረሱ፤ መንጠቆ የሌለበትን ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱት። የዚያን ዕለት ምሳ ሁለት ጊዜ ጨምሩልኝ አሉ።

አንጁሎ አላወቁብኝም ብሎ ደስ አለው። አባቱ ግን ለሽማግሌዎቹ ነግረዋቸዋል። «አርባ ዓመት ሐይቁ ላይ ኖሬአለሁ፤ የሚያስል ዓሣ ግን አልገጠመኝም» አሏቸው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

«መቼ ነው ያወቅህበት?» አለ አንዱ።

«ገና ሲነካው።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ታገልክ?»

«ልጄ ነው እኮ በሌላው ጫፍ ያለው! እንዴት አድርጌ ክሩን ልልቀቀው?»

ይህን ብለው ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። «ቢሆንም እንዳትቸኩሉ። የአልታዬ ዓሣ ሲጎትተኝ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዕውር አልነበርኩም። የቶናን ዓሣ ደግሞ በእጄ ዳስሼዋለሁ፤ ሰፈሩም በልቶታል። የሌሎቹ የሁለቱ ዓሣ ግን ድስት ውስጥ አልገባም።»

ዘንጉ የሚሰጥበት ቀን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ልጆቹ እንዲናገሩ ጠየቁ።

ቶና ተነሣ። «አባዬ ያሉት ዓሣ መያዝን ነው። ከሦስታችን ዓሣ ይዞ የገባ እኔ ብቻ ነኝ። አባቴንም ጣታቸው ሳይቆረጥ፣ ሳያማቸው መልሻለሁ።»

አልታዬ ተነሣች። «እሱ ራሱ ያዘና ለአባዬ አቀበለ። ዓሣውንና አባዬን ለሁለት የተውኳቸው እኔ ነኝ። ዓሣ አንዳንዴ ያመልጣል፤ እሱም ያው የሥራው ነው።»

አንጁሎ መሬት መሬት እያየ ተነሣ። «እኔ ዋሽቻለሁ» አለ። «ይቅር ይበሉኝ አባዬ። ግን የሳቁት እኔ ጋ ነው።»

«አንተ የሙዝ ጫኝ ዓሣ!» አለ ቶና፣ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ፤ ከሁሉ ይልቅ ጋሽ ዳልጎ። ሲስቁ አልታዬ የታናሽ ወንድሟን ኮሌታ አስተካከለችለት፤ ገና ያስለው ነበርና።

ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ተመካከሩ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሐሳባቸው ግን አራት ሆነ። አንደኛው ቃል ቃል ነው፣ ዓሣ ያመጣ ይውሰድ አለ። ሁለተኛው ሰው የሚከበረው ትግሉ ሲተውለት ነው አለ። ሦስተኛው አዞ ያለበት ውኃ ውስጥ የገባን ልጅ ባዶ እጁን ማን ይመልሰዋል አለ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ሐሰትን መሸለምም ነውር ነው ብሎ ከራሱ ጋር ተጣላ። ተመልሰው መጥተው «ዳልጎ፣ አቅቶናል» አሉ።

ጋሽ ዳልጎ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» አሉ። ዘንጉን በሁለት እጃቸው ያዙና እጀታውን ወደ ፊት፣ ልጆቻቸው ወደቆሙበት ዘረጉት። «የሚገባው ይቀበለኝ።»

ሦስቱም ልጆች ጎን ለጎን ቆመዋል። ሦስቱም እጃቸውን አንሥተዋል። አንዱም አልነካውም። የዘንጉ ጫፍ ይንቀጠቀጣል፤ የሽማግሌ ክንድ ነውና ብዙ አይቆይም።

እኔ ከዚህ በላይ አላውቅም። እናንተ ግን ዓይን አላችሁ፤ እሳቸውን እንደዚያ አቁማችሁ አትዩአቸው። ቶሎ በሉ፤ ዘንጉ የሚገባው ለማን ነው?