ሽሮ የበላ ይውጣ

በሰፈራችን ሁሉም የሚተርታት አንዲት አባባል አለች። አንዱ ካያቴ ሰማኋት ይላል፣ ሌላው ከመጽሐፍ ነው ይላል። ውሸታቸውን ነው። እኔው ቤት፣ ሳሎን ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የተወለደችው።

ባለቤቴ ጌጡና ሦስት ጓደኞቹ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ጥሬ ሥጋ ይቆርጣሉ። የማዕዱ ንጉሥ አቶ ወንድይራድ ነበር። ማን ሾመው? ራሱ! አምና አንደኛው፣ አቶ ደምሰው፣ ጨጓራው ቢነሳበት "ሽሮ ካለ" ብሎ ጠየቀ። ወንድይራድ ቢላዋውን እያወዛወዘ "ሽሮ የበላ ከዚህ ማዕድ ይውጣ! እኛ አራስ አይደለንም!" ብሎ ፈረደ። ደምሰው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሌሎቹ ትንፍሽ አላሉም፤ ጀግኖች!

ዓመት ሳይሞላ የወንድይራድ መንጋጋዎች ተራ በተራ ተሰናበቱት። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር የሚበላው ቅዳሜን ብቻ ስለሆነ ዝም አለ። ሥጋውን በአዋዜ ይነክራል፣ ይጎርሳል፣ ያላምጣል፣ አሁንም ያላምጣል፤ ከዚያ "ስልክ ተደወለልኝ" ብሎ ወደ ጓሮ ይወጣል። ውሻዬ ወፍሮ መራመድ አቃተው።

አንድ ቅዳሜ ሽሮ ስሠራ ወጥ ቤት ተከትሎኝ ገባ።

"የሺዬ፣ በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ። እዚሁ ቆሜ እውጣታለሁ።"

"ምነው፣ ወለድክ እንዴ?"

"ቀስ በይ እንጂ! ከሰሙ ያስወጡኛል።"

"ሕጉን ያወጣኸው አንተ። እኔ ሰው በስርቆሽ አላበላም። ከፈለግህ ሳሎን ተቀምጠህ ብላ።" ችክ አልኩ።

ሦስተኛው ጓደኛ፣ የማዕዱ ታላቅ ጋሼ ይመኑ፣ እጃቸውን ሊታጠቡ መጥተው ኖሮ ሁሉንም ሰምተዋል። ሳሎን ተመለሱና፣ "ልጆች፣ ዛሬ ሽሮ አምሮኛል። ሕጉ ይሻር፣ ደምሰውም ይጠራ። የሚከፋው አለ?" አሉ።

"ኧረ ይሻር!" አለ ባለቤቴ። ለካ እሱም ሲሰቃይ ኖሯል!

"አንተስ ወንድዬ?" አሉት ጋሼ ይመኑ።

አንድ "እሺ" ነበር የቀረው። ደረቱን ነፋ። "እኔ ቃሌን አላጥፍም። ደግሞም ጠግቤያለሁ።" ከጠዋት ጀምሮ የዋጠው ምራቁን ነው።

ደምሰው መጣ። ሽሮው እየተንተከተከ ቀረበ፤ እኔም ሆን ብዬ ቅቤ ጨመርኩበት። ሦስቱ አቀርቅረው ያጠቅሱ ጀመር። ወንድይራድ ጣራ ጣራውን ያያል።

"በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" አለው ደምሰው፣ ጉርሻ ጠቅልሎ።

"ጠግቤያለሁ አልኩ እኮ!" ብሎ ፊቱን አዞረ። ሆዱ ግን ከአፉ በላይ ጮኸ።

ጋሼ ይመኑ ጣታቸውን ላሱ፣ ቀና ብለው አዩትና፣ "ተወው ደምሰው፤ የትናንት አፍ የዛሬን ሆድ ያስጾማል" አሉ።