ካሮት የጎደለው ሳህን

ጆሮ ካላችሁ አፍ አለኝ፤ ግን ቀስ ብዬ ነው የማወራው፤ የደከማት ሴት ወሬ ነውና።

ዘርፌ የምትባል እናት ነበረች። ልጇን ትርንጎን ይዟት የነበረው ወባ ቢለቃትም ምግብ አልቀምስ ካለች ሦስተኛ ቀኗ ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ "ምግቧ ቀይም፣ አረንጓዴም፣ ብርቱካንማም ይኑርበት፤ የአትክልቱ ቀለም ሲበዛ ይጠቅማታል" አለቻት። ዘርፌ ቲማቲምና ጎመን ሠርታ አቀረበች። ትርንጎ ሳህኑን አየችና፣ "ብርቱካንማውስ? ያለ ካሮት አልበላም" አለች።

ዘርፌ ወደ አትክልተኛዋ ሄደች።

"እትዬ አስካለ፣ ካሮት ይንቀሉልኝ። ልጄ ያለ ካሮት አልበላም አለች።"

"መሬቱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ብስበው ቅጠሉ ብቻ ነው የሚመጣው። ያለ ውሃ አልነቅልም።"

ዘርፌ ውሃ ቀጂው ሽብሩ ወዳሉበት ጉድጓድ ወረደች።

"ጋሽ ሽብሩ፣ ውሃ ያውጡልኝ። እትዬ አስካለ ያለ ውሃ አልነቅልም አሉ፤ ልጄ ያለ ካሮት አልበላም አለች።"

"ገመዱ የሁለት ሰው ነው። ያለ አበጋዝ አልስብም።"

አበጋዝ ደጃፋቸው ላይ አኩርፈው ተቀምጠዋል።

"ጋሽ አበጋዝ፣ ገመዱን ይያዙልኝ። ጋሽ ሽብሩ ያለ እርስዎ አልስብም አሉ፤ እትዬ አስካለ ያለ ውሃ አልነቅልም አሉ፤ ልጄ ያለ ካሮት አልበላም አለች።"

"ጠዋት ሰው ፊት ሰነፍ ብሎኛል። ያለ ይቅርታ አልሄድም።"

ዘርፌ እግሯን እየጎተተች ተመለሰች።

"ጋሽ ሽብሩ፣ ይቅርታ ይበሏቸው። ጋሽ አበጋዝ ያለ ይቅርታ አልሄድም አሉ፤ እርስዎ ያለ እሳቸው አልስብም አሉ፤ እትዬ አስካለ ያለ ውሃ አልነቅልም አሉ፤ ልጄ ያለ ካሮት አልበላም አለች።"

"ሰነፍን ሰነፍ ማለት ምን ነውር አለው?"

ዘርፌ እንደገና አበጋዝ ደጃፍ ደረሰች። "ጋሽ ሽብሩ ያለ... እትዬ አስካለ ያለ..." አለችና ቃሉ ጠፋባት። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

አበጋዝ አዩዋት። "ልጅሽ ታማለች እንዴ?"

እስካሁን ይህን የጠየቃት አልነበረም።

"ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አልቀመሰችም።"

"ታዲያ ይህን አስቀድመሽ አትነግሪኝም?" ብለው ብድግ አሉ።

አበጋዝ ሄዱ። ሽብሩ ሲያዩዋቸው አፈሩና "ይቅር በለኝ" አሉ። ገመዱ ተሳበ፤ ውሃው ወጣ፤ መሬቱ ጠጣ፤ አስካለ ነቀሉ፤ ካሮቱ ተቀቀለ፤ ትርንጎም በላች።

ጥቂት እንደጎረሰች ቀና ብላ፣ "እማዬ፣ አንቺስ?" አለች።

ዘርፌ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ትርንጎ አልቀሰቀሰቻትም። ከሦስቱም ቀለም ከፍላ አስቀመጠችላትና የራሷን ቀስ ብላ ጨረሰች።