የሚገፋ የሌለበት አስፋልት

አንድ ጊዜ ሞተር ሳይክል የሚነዳ አህያ ነበር። ከየት አመጣው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ዕድሜ ልኩን የሌላውን ጭነት ሲሸከም የኖረ ፍጡር በስተርጅናው እሱን የሚሸከም ነገር ቢያገኝ ምኑ ይገርማል? ጆሮዎቹ የሚወጡበት ሁለት ቀዳዳ ያለው ሄልሜት ደፍቶ ሲያልፍ ያየው ሁሉ ፈገግ ይል ነበር።

ችግሩ መንገዱ ነው። የሚኖርባት መንደር ጨፌ ትባላለች፤ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ። ወንዙ ዳር ሲደርስ ሞተሩ ጭቃ ውስጥ ይገባና ጸጥ ይላል። ያኔ ፍየሎቹ ግጦሻቸውን ትተው «ደግሞ ቆመ! ኑ እንግፋው!» እያሉ ይመጣሉ፤ እየገፉም ይስቃሉ። በዚያ ላይ በየቀኑ ከኋላው የምትቀመጥ አንዲት ዶሮ አለች። አንድ እግሯ ሸፋፋ ስለሆነ ሩቅ መሄድ አትችልም፤ ለስድስት ጫጩቶቿ ጥሬ የምትለቅመው ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ደጅ ነው። አህያ ጠዋት ጠዋት ቤቷ በር ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ሁለቴ ይነፋል፤ እሷም እያነከሰች ትወጣለች።

«ወንድሜ፣ ኧረ ቀስ በል!» ትለዋለች ጀርባው ላይ ተለጥፋ።

«ከዚህ በላይ ቀስ ብል መቆሜ አይደለም እንዴ? ይሄም መንገድ ሆኖ!»

አንድ ቀን ፍየሎቹ ሲገፉት ሄልሜቱ ከነጆሮ ቀዳዳው ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ወንዙ ዳር የነበረው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አህያ አንጀቱ አረረ። «ሞተረኛ መኖር ያለበት አስፋልቱ ለስላሳ በሆነበት፣ ፍየል በማያቋርጥበት አገር ነው» አለና በቀጥታ ወደ መንደሩ ደላላ ሄደ። ደላላው ቀበሮ ነበር።

«ጋሼ፣ አንተን የመሰለ ሞተረኛ ጨፌ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለ ቀበሮ ተሽቆጥቁጦ። «ከተራራው ማዶ አንድ ሁነኛ ቦታ አለኝ። አስፋልቱ ገና አዲስ ነው። ጉድጓድ የለ፣ ጭቃ የለ። እንቁላል መሪው ላይ አስቀምጠህ ብትነዳ አይወድቅብህም።»

«ጎረቤትስ?»

«ማንም የለም! ማን ያቋርጥሃል? ማን ውሰደኝ ብሎ ይነዘንዝሃል?»

«ኮሚሽንህስ ስንት ነው?»

«ኧረ ተወኝ ጋሼ፣ ያንተ ደስታ ይበቃኛል።»

ኮሚሽን አልፈልግም የሚል ደላላ ሲገጥም መጠርጠር ነበር። የቀበሮው ጉድጓድ ወደ ወፍጮ ቤቱ መውረጃ ላይ ነው፤ ዶሮዋ በየጠዋቱ በሞተር ሽው ብላ ስታልፍ ምራቁን እየዋጠ ኖሯል። አህያ ግን አስፋልቱን እንጂ ሌላ ነገር አላሰበም።

ሊሄድ ሲል ዶሮዋ መንገድ ላይ ጠበቀችው።

«እኔስ ወፍጮ ቤት በምን እሄዳለሁ?»

«ቀስ እያልሽ በእግርሽ።»

«ቀበሮውስ?»

አህያ እንዳልሰማ ሆኖ ሞተሩን አስነሳ። እነዚያን የሚያህሉ ጆሮዎች ይዞ አለመስማት ቀላል አይደለም፤ እሱ ግን ቻለበት።

አስፋልቱ ቀበሮ እንዳለው ነበር። አህያ የመጀመሪያውን ቀን እየዘፈነ ነዳ። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም፤ እሱንም የቀደመው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን አንድ አስቸጋሪ ኩርባ እንደ ንሥር ዞሮ አለፈና ማን አየኝ ብሎ ዘወር አለ። ማንም አላየውም። ወደ ቤቱ ሲመለስ «እንዴት ዋልክ?» የሚለው አልነበረም። በአሥረኛው ቀን ፍየል የምታቋርጥ መስሎት ፍሬን ያዘ። ድንጋይ ነበር። ቢሆንም ወርዶ አጠገቡ ተቀመጠ። ከኋላው የሚለጠፍ፣ ቀስ በል የሚል ስላልነበረ ሞተሩ ራሱ የሌላ ሰው ንብረት መሰለው። ጨፌ ናፈቀችው፤ መመለስ ግን አፈረ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሞተሩ መንገድ መሐል ቆመ። ቢረግጠው፣ ቢለምነው፣ ቢሰድበው አልነሳ አለ። መገፋት ነበረበት። አህያ ሲገፋ ላዩ ላይ የሚቀመጥ የለም፤ ሲቀመጥ የሚገፋ የለም። መኪና የተበላሸበት ሾፌር እንደሚያደርገው ቅጠል ቆርጦ መንገዱ ላይ አስቀመጠ፤ የሚያልፍ ሲመጣ አይቶ እንዲቆምለት ነው። ቀኑን ሙሉ ጠበቀ። በማግስቱም ጠበቀ። ከዚያ ራበውና ቅጠሉን በላው።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከቁጥቋጦው ውስጥ እርምጃ ተሰማ። አህያ ማንነቱን ሳያይ ደስ አለው። የመጣው ግን አያ ጅቦ ነበር።

«እራቴ ራሱ መንገድ ዳር ተቀምጦ ጠበቀኝ!» አለ ጅብ።

አህያ ማምለጫ አልነበረውም። ድንገት ግን የጅብን ሆዳምነት አስታወሰ።

«አያ ጅቦ፣ ብላኝ፤ ምን አደርጋለሁ? ግን እኔ ከሲታ ነኝ። ይሄን ሞተር ለምን ትተወዋለህ? ሆዱ ሙሉ ዘይት ነው።»

«ዘይት?» የጅብ ለሃጭ ተንጠባጠበ። «እንዴት ነው የሚበላው?»

«ሲቀዘቅዝ አይሆንም። መጀመሪያ መሞቅ አለበት። እኔ ልቀመጥና አንተ ግፋ፤ ሲሞቅ እነግርሃለሁ።»

ጅብ ከኋላ ሆኖ ባለ በሌለ ኃይሉ ገፋ። ሞተሩ አንዴ አሳለ፣ ሁለቴ አሳለ፣ ከዚያ ተነሳ። አህያ ወደ ጨፌ ሸመጠጠ። ከጭሱ ውስጥ «ሞቀ ወይ? ልምጣ?» የሚለው የጅብ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ተከተለው። አህያ እንባው መጣ። አስፋልቱ ላይ መኖር ከጀመረ ወዲህ ያናገረው፣ የገፋውም፣ ሊበላው የመጣ ጅብ ብቻ ነበር።

በነጋታው ጠዋት በዶሮዋ በር ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ሁለቴ ነፋ። የሚያነክሰውን እርምጃ ጠበቀ። እንደገና ነፋ። ስድስቱ ጫጩቶች ተግተልትለው ወጡ፤ ክንፋቸው ተንጠልጥሎ፣ ከስተው።

«እናታችሁስ?»

«ወፍጮ ቤት ሄዳለች» አለች ትልቋ። «ከደጅ እንዳትወጡ ብላናለች። ሳምንት ሆናት። ጋሼ፣ መንገድ ላይ አላየሃትም?»

አህያ ጫጩቶቹን አንድ በአንድ እናታቸው ትቀመጥበት በነበረው የሞተሩ ወንበር ላይ አስቀመጣቸውና ወደ ወፍጮ ቤቱ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ነዳ። ወንዙ ዳር ሞተሩ እንደ ልማዱ ጭቃው ውስጥ ቆመ። ፍየሎቹ ግጦሻቸውን ትተው መጡ፤ ወንበሩን አዩና ሳይስቁ ገፉ። መውረጃው ላይ፣ ከቀበሮው ጉድጓድ አፍ፣ ነፋስ ላባ ያንከባልል ነበር። አህያ ጫጩቶቹ እንዳያዩት ጡሩምባውን እየነፋ በጎን አለፈ።

ከዚህ የምንማረው መኖሪያ ስንመርጥ የመንገዱን ምቾት ከማየታችን በፊት ስንቆም የሚገፋን ማን እንደሆነ፣ ስንሄድም ሜዳ ላይ የሚቀረው ማን እንደሆነ መጠየቅ እንዳለብን ነው።