ጤና ያረከሰው ውል

አንዲት ባልቴት የዓይኗን ሞራ ማስገፈፊያ ገንዘብ ቢቸግራት የሕይወት መድን ውሏን ለመሸጥ ቆረጠች። ውሉን የሚገዛው ሰው ዓመታዊ ክፍያውን እየከፈለ ይቆይና እሷ ስትሞት ካሣውን ይወስዳል።

ደምመላሽ የተባለ ባለጸጋ ቤቷ ድረስ አራት ፎቅ ቁና ቁና እየተነፈሰ ወጣና ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ትንፋሹ መለስ ሲልለት እንደ በሬ ገዢ አስነሥቶ አስኬዳት፤ ጥርሷን አየ፤ አስሳላት።

«ኧረ እማማ፣ እርስዎ እኮ ብረት ነዎት! መቼ ሊሞቱልኝ ነው? ከግማሽ ዋጋ በላይ አልከፍልም» አለ ላቡን እየጠረገ።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ ጤነኛ ሰው አያዋጣም» አለች ባልቴቷ። «እንግዲያው የኔው ይቅርና የእርስዎን ይሽጡልኝ። ዓይኔ ባያይም ደረጃውን ሲወጡ ሰምቻለሁ፤ ተበድሬም ቢሆን ሙሉውን እከፍላለሁ። አበዳሪዬንም ብዙ አላስጠብቀውም።»