የሐሙስ ውሃ

ተረት ተረት። «የላም በረት» በሉኝና ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ ጮክ ብዬ አላወራም። ሰው ሲንተባተብ የምትስቁ ካላችሁ ከአሁኑ ተነሡና ሂዱልኝ።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ቆላ አገር፣ አንዲት ትንሽ ወንዝ ነበረች። በበጋ አገሩን ሁሉ የምታጠጣው እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ሰዎቹ ቀን ተከፋፈሉ። ሰኞ የእገሌ፣ ማክሰኞ የእገሌ። ባለ ቀኑ ቦዩን ወደ ማሳው ይከፍታል፣ ሲመሽ ይዘጋል። የሚዳኙት ሽማግሌ የውሃ አባት ይባሉ ነበር።

ሕጋቸው እንዲህ ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ሁሉም ከትልቁ ሾላ ሥር ይሰበሰባል። የውሃ አባት በትራቸውን ለባለ ተራው ይሰጡታል። እሱም በትሩን ይዞ ይቆምና የማን ልጅ እንደሆነ፣ ቀኑ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ያልተናገረ ሰው ቀኑ ለጠየቀው ይሰጣል። በትር የያዘ እስኪጨርስ ድረስ ማንም አያቋርጠውም፣ ማንም ከስፍራው አይነሣም። ያን ዕለት ቦይ ሁሉ ይዘጋል። ውሃው የማንም አይደለም፤ ለአውሬውና ለወፉ ይሄዳል።

በዚያ አገር ይርዳው የሚባል ሰው ነበር። ክንዱ ብርቱ፣ ልቡ ቀና፣ ምላሱ ግን ተብታባ። «ውሃ አቀብሉኝ» ብሎ እስኪጨርስ ሌላው ጠጥቶ ቅሉን ይደፋል። ማነው የሳቀው? ነገርኳችሁ እኮ!

አባቱ ሲሞት የሐሙስን ቀን ተወለት። ከሾላው በላይ፣ ከቦዩ ራስ ላይ፣ ጣሰው የሚባል ጎረቤት ነበረ። የጣሰው ቀን ረቡዕ ነው፤ ዓይኑ ግን ሐሙስ ላይ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት ስብሰባ ደረሰ።

«ልጄ፣ አንተው ተናገር» አለችው እናቱ ጥሩአገር።

«እ-እምዬ፣ ይ-ይስቁብኛል» አላት።

ዘለቀ የሚባል የአክስቱ ልጅ ነበረው። ሲናገር ማር ነው። ይርዳው እሱን ለመነው፣ ዘለቀም እሺ አለ። ጣሰው ይህን ሰማና አንድ ሙክት ለዘለቀ ላከለት። መቼም አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ነው። ዘለቀ በትሩን ይዞ አማረበት፣ ተናገረ፣ ተጨበጨበለት። መጨረሻ ላይ ግን «ለይርዳው የሐሙስ እኩሌታ ይበቃዋል፤ ከቀትር በኋላ ያለውን ለጣሰው ትቷል» አለ። ይርዳው ብድግ አለ። እሱ ከቃሉ ሲታገል በትሩ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

ሁለተኛው ዓመት ደረሰ።

«ልጄ፣ አንተው ተናገር» አለችው እናቱ።

ይርዳው ሄደ። በትሩን ያዘ። ሰው ሁሉ አየው። ከወዲያ በኩል አንዱ «እ-እ-እ» ብሎ ቀደመው፣ ሌላው በነጠላው አፉን ሸፈነ። ይርዳው ላብ አጠመቀው። «ዝም አይነቅዝም» አለ በልቡ፤ በትሩንም መልሶ አስቀመጠ። የሐሙስ ቀሪው እኩሌታም ለጣሰው ሆነ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው! ነቀዘ እንጂ።

ስብሰባው ሳይፈታ፣ አንገቱን ደፍቶ በጓሮ መንገድ ወደ ቤቱ ወጣ። ሲያልፍ ምን ያያል? የጣሰው ቦይ ተከፍቶ ማሳው ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ የማንም ባልሆነበት ቀን! ጣሰው ሰው ሁሉ ሾላው ሥር ሲቀመጥ ጠብቆ ይከፍታል፤ ስብሰባው ሲፈታ ሮጦ ይዘጋል። ይርዳው ይህን አየ፤ ግን ማን ይሰማኛል ብሎ ዝም አለ።

በዚያ በጋ ሽንኩርቱ ደረቀ። ጎተራው ባዶ ሆነ። ክረምቱ ሲገባ በቤቱ የቀረው አንድ እፍኝ ሽምብራ ነበር። እናቱ ቆልታ ታቀርብለታለች። «አ-አንቺስ?» ሲላት «በልቻለሁ» ትለዋለች። አልበላችም። ማታም «በልቻለሁ»፤ በማግስቱም «በልቻለሁ»። እሱ አመናት፣ እሷ ከሳች። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተኛች፣ አልተነሣችም።

ልትሞት ስትል እጁን ያዘችው። «ልጄ፣ አንተው ተናገር። ቃልህ ቢዘገይስ? ውሃም ከላይ እስኪወርድ ይዘገያል፤ ግን ይደርሳል» አለችው።

ሦስተኛው ዓመት ደረሰ። «አንተው ተናገር» የሚለው ሰው አልነበረም።

ይርዳው ከደጁ ወጣ፣ ተመለሰ። ደግሞ ወጣ፣ ደግሞ ተመለሰ። ፈራ። ከጅብ ይልቅ ያቺን በትር ፈራ። ሲመለስ ዓይኑ የእናቱ መደብ ላይ አረፈ። አጎዛው እንደተጠቀለለ ነው። ያን ጊዜ ወጣና አልተመለሰም። መንገዱን በጣሰው ቦይ በኩል አደረገ፤ ቦዩ ተከፍቷል። ቆሞ ማሳውን አየ፣ ቁልቁል ሾላውን አየ፣ ወረደ።

ተራው ሲደርስ በትሩን ያዘ።

«እ-እ-እኔ» አለ። ሳቁ። «እኔ ይ-ይ-ይርዳው» አለ። ይበልጥ ሳቁ።

«በትሩ በእጁ ነው!» አሉ የውሃ አባት፤ ሳቁ ቆመ።

ይርዳው ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር ይጣደፍ ነበር። ያን ቀን አልተጣደፈም። ከአያቱ ጀመረ። ቦዩ ሲቆፈር ዶማ ያቀበለውን፣ ድንጋይ የተሸከመውን፣ አንድ በአንድ ጠራ። የሚይዘውን ቃል አልዘለለም፤ ቆሞ ጠበቀው። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ጣሰው ተቁነጠነጠ። ፀሐይ አዘነበለች። ጣሰው ላብ በላብ ሆነ።

«ኧረ ይብቃው! ሊመሽብን ነው እንዴ?» ብሎ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ! በትሩ በእጁ ነው» አሉ የውሃ አባት።

ይርዳው ወደ አባቱ ደረሰ። ከአባቱ ወደ እናቱ። «እ-እ-እናቴ በ-በ-በራብ ሞተች» አለ። አሁን የሚስቅ አልነበረም። ያን ጊዜ አንዲት ሴት ጮኸች። ውሃ! የጣሰው ማሳ ጠግቦ፣ ሞልቶ፣ እርከኑን ጥሶ፣ ቁልቁል ወደ ሾላው ወርዷል። የሽማግሌዎቹን እግር አረጠበ።

የውሃ አባት ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱት። «ዛሬ ውሃ የማንም አይደለም። ይህ ከማን ማሳ መጣ?» አሉ። ሁሉም ወደ ላይ አየ፣ ከዚያ ጣሰውን አየ።

«ረቡዕህ ሁለት ዓመት ለአውሬና ለወፍ ይሁን» አሉት የውሃ አባት። ከዚያ ወደ ይርዳው ዞሩ። «ልጄ፣ ቀንህ የትኛው ነው?»

«ሐ-ሐ-ሐ...» አለ። ሰው ሁሉ እግሩ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቆሞ ጠበቀው። «ሐሙስ።»

በትሩን ያን ጊዜ አስቀመጠ። ዘለቀም ከዚያ ወዲያ በሰው ፈንታ ሊናገር በትር አልጨበጠም።

በመጀመሪያው ሐሙስ ይርዳው ማሳውን አጠጣ። ከውሃው በቅል ቀዳና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ እናቱ መቃብር ላይ አፈሰሰው። «እ-እ-እምዬ፣ ተ-ተ-ተናገርኩ» አላት። እዚያ የሚያጣድፈው አልነበረም። የሚመልስለትም አልነበረም።

ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ ማበሱ ግን ይቅርባችሁ፤ ይልቅ ነገ ቃል የሚይዘው ልጅ ካጋጠማችሁ እስኪጨርስ ቁሙለት። አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይሉ ነበር። ደጃዝማችነቱስ ይቅር፤ ይርዳው የቀረችበት እናቱ ናት።