ዘርጋው ሦስተኛውን ሲመኝ

፦ ተረት ተረት!
፦ የምሽት በረከት!

በድሮ ዘመን፣ በሁለት ወንዞች መካከል አንድ አገር ነበር። ያ አገር ንጉሥ አልነበረውም። ሰዉ መሪውን ራሱ ይመርጥ ነበር። ዛሬ እናንተ ፕሬዚዳንት የምትሉት ዓይነት ነው። የምርጫው ቀን ሲደርስ ወንዱም ሴቱም ወደ ገበያው ሜዳ ይወጣል። ለየተመራጩ አንድ አንድ እንስራ ይቀመጣል። ሰው ሁሉ አንድ ፍሬ ባቄላ ይዞ ከመጋረጃው ኋላ ይገባና፣ ከወደደው ሰው እንስራ ጥሎ ይወጣል። ባቄላ የበዛለት አራት ዓመት ይመራል። ደግ ከሆነ ዳግመኛ አራት ዓመት ይመረጣል። ሦስተኛ ግን የለም! አባቶቻቸው፦ «ወንበር ከሞቀ ያስተኛል» ብለው እንዲህ ደነገጉ።

በዚያ አገር ዘርጋው የሚባል መሪ ነበረ። ደግ ሰው ነው። መንገድ ጠረገ፣ ጎተራ አስሞላ፣ የተጣላ አስታረቀ። ሁለተኛው ዘመኑ ሊያልቅ ሲል ግን ወንበሩን መልቀቅ ከበደው። ከዚያም አማካሪው ቢተው መጣና፦
«ጌታዬ፣ እርስዎ ከሌሉ ይህ አገር አንድ ቀን አያድርም። ሕጉን ያወጣው ሰው አይደለም እንዴ? በምርጫው ቀን ይነሡና ‹ሕጉ ይለወጥ› ይበሉ። ማን እምቢ ይላል?» አለው።
ዘርጋውም፦ «እውነትህን ነው!» አለ። ነገሩ ማር ማር አለው።

ምርጫው ሲቃረብ ዘርጋው ወሰን ሊያይ ወንዝ ተሻገረ። እንደተሻገረ ዝናቡ ወረደና ወንዙ ሞላ። መመለሻ አጣ። አንዲት ንብ የምታረባ ባልቴት ቤት ተጠለለ። ጠዋት ማታ ወንዙ ዳር ቆሞ ይጮኻል፦
«ወይ አገሬ! ጎተራውን ማን ይከፍት ይሆን? ማን ይዳኝ ይሆን? ይኼኔ ተባልተው አልቀዋል!»
ባልቴቲቱም፦ «ልጄ፣ ገንፎህ እየቀዘቀዘ ነው» ትለዋለች።

ውሃው ሲጎድል ተሻገረና እየሮጠ አገሩ ገባ። ለቅሶ የለ፣ ጠብ የለ። ጎተራው ተከፍቷል። ልጆች ይቦርቃሉ። ሜዳው ላይ ሕዝቡ መርጦ ጨርሶ ባቄላ ይቆጥራል። የማንጠግቦሽ እንስራ ጢም ብሏል። ማንጠግቦሽ የመስኖ ውሃ አካፋይ ናት፤ ለወንድሟም የማታዳላ ሴት።

ቢተው ወደ ጆሮው ጠጋ አለና፦
«ጌታዬ፣ ‹እኔ ሳልኖር የተደረገ ምርጫ አይጸናም› ይበሉ። ዘቦቹ ከእኛ ጋር ናቸው። እንስራውን እንስበረው!» አለው።

ሕዝቡ ዘርጋውን አየና ቆጠራውን አቆመ። ዘርጋው የሹመት በትሩን ጨብጦ ቆመ። ዓይኑ ሚስቱን ውባለምን ፈለገ፤ ከሴቶቹ መካከል አገኛት።
፦ ውባለም፣ አንቺስ ባቄላሽን ለማን ጣልሽ?
፦ ይኼ አይጠየቅም። ግን አልዋሽህም፤ ለማንጠግቦሽ ነው።
፦ እኔ ባልሽ እያለሁ?
፦ ባሌማ የታለና? ስምንት ዓመት ሙሉ አገር ወስዶብኝ! አሁንስ ይመልስልኝ ብዬ ነው።

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። የዘርጋው ፊት መጀመሪያ ጠቆረ። ከዚያም ዙሪያውን ቃኘ። ያለ እሱ ይጠፋል ያለው ሕዝብ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እሱንም ሳቁ አሸነፈው።
፦ እኔ ስለ እናንተ ስጮኽ ድምፄ ተዘጋ፤ እናንተ ግን ምንም አልሆናችሁም!
አንድ ሽማግሌም ከመካከል፦
«ደኅና አድርገው ቢመሩን አይደል?» አሉት።

ይኼን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቢተውን በክንዱ ገፋ አደረገና ወደ ማንጠግቦሽ ሄዶ በትሩን ሰጣት።
፦ እንኪ፣ ይከብዳል። ሲከብድሽ ጠይቂኝ።
፦ እጠይቅዎታለሁ፣ ጋሼ ዘርጋው። ሳልጠይቅዎ ግን እንዳይመጡ!

ደግሞ ሳቅ ሆነ፣ እልልታውም ቀለጠ። ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ውባለም ደጃፉ ላይ ቆመችና ቀና አለች፦
«ጣራችን ያፈሳል። ሣሩ ከጓሮ ነው፤ መሰላሉ ይኸውና» አለችው።
ዘርጋውም እጀ ጠባቡን ሰብስቦ ጣራው ላይ ወጣ።

ተረቴን ከአፌ ወሰዳችሁ፣
ጥብስ በቆሎ መልሱበት እባካችሁ!